አወዛጋቢ አርቲስትን ከድንበር መመለስ

አንድ መንግስት የውጭ ዘፋኝን፣ ኮሜዲያንን ወይም ተዋናይን በሰራው ጥፋት ወይም በተናገረው ነገር ቪዛ ሲከለክለው ወይም የሰጠውን ሲሰርዝበት ማለት ነው። በአማርኛ አንድ ላይ የተሰበሰበ ነገር ስላጣሁ እዚሁ ጅማ ሆኜ ያገኘሁትን አቀናጅቼዋለሁ።

በር መጠበቅ ለጅማ እንግዳ ነገር አይደለም። በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን (እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932) የጅማ መንግስት ዙሪያውን ኬላ ነበረው፣ ማን ገባ ማን ወጣ በጠባቂ ይታይ ነበር፣ እንዲያም ሆኖ ነጋዴውም የሃይማኖት መምህሩም ከየአቅጣጫው እየገባ የሂርማታ ገበያ የደመቀው በዚያው ዘመን ነው።

በውጭው አለም የፊልም ኮሜዲያኑ ቻርሊ ቻፕሊን ይቀድማል። በፈረንጆቹ መስከረም 1952 ከኒውዮርክ በመርከብ ወደ ለንደን ሲሄድ፣ ገና ባህር ላይ እያለ የአሜሪካ ጠቅላይ አቃቤ ህግ የመመለሻ ፈቃዱን ሰረዘበት፣ ኮሚኒስት ነው እየተባለ ሲጠረጠር ቆይቶ። ስንት አመት የኖረበት አገር ነው ግን ዜግነት አልወሰደም ነበር። ስዊዘርላንድ ኖሮ ተመልሶ የገባው በ1972 የክብር ኦስካር ሊቀበል ሲሆን አዳራሹ ሙሉ ቆሞ ነው ያጨበጨበለት። ዘፋኟን ሚሪያም ማኬባን ደግሞ የገዛ አገሯ ደቡብ አፍሪካ በ1960 ፓስፖርቷን ሰርዛ እናቷን እንኳ እንዳትቀብር አደረገቻት፣ እስከ 1990ም አልተመለሰችም። እኛ ግን በ1963 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሲመሰረት አዲስ አበባ ላይ አዘፍነናታል፣ ይሄ ያኮራል።

ብዙ የተጻፈው ስለ እንግሊዝ ነው። እዚያ የአገር ውስጥ ሚኒስትሩ መግባቱ ለህዝብ አይበጅም ያለውን ሰው መከልከል ይችላል። አሜሪካዊው ራፐር ስኑፕ ዶግ በ2006 ለንደን ሂትሮው ኤርፖርት ላይ በተነሳ ግርግር ከጓደኞቹ ጋር ታሰረ፣ በ2007 ቪዛ ተከለከለ፣ ይግባኝ ብሎ በ2010 ረታ። ዘፋኙ ክሪስ ብራውን በ2010 የተከለከለው ዘፋኟን ሪሃናን በመደብደቡ ነው፣ እዚህ ላይ እኔ ክርክር አይታየኝም፣ ሰው የመታ እጅ ነው። ራፐሩ ታይለር ዘ ክሪኤተር ግን በ2015 የተመለሰው ከአመታት በፊት በጻፋቸው ግጥሞች ነው፣ ጥቃትና ጥላቻ ያበረታታሉ ተብሎ፣ እሱ ደግሞ የፈጠርኩት ገጸ ባህሪ ነው የሚናገረው ብሏል። ዘፈኑ ቪዛ አይጠይቅም፣ እዚህ ጅማ ከመርካቶ ወደ ኮቺ ሰፈር በሚሄድ ባጃጅ ውስጥ ፍላሹ ከተሰካ ያው ይጮሃል፣ ስለዚህ በግጥም ምክንያት ሰውየውን ማስቀረት ምን እንደሚጠቅም አይገባኝም። አውስትራሊያ የጸባይ መመዘኛ የምትለው ህግ አላት፣ በ2025 የራፐሩ ካንዬ ዌስት ቪዛ ሂትለርን ባወደሰበት ዘፈን ምክንያት መሰረዙን የአገሪቱ ሚኒስትር ተናግሯል።

በእኛ አገር የውጭ ሰው መግባትና መውጣትን የሚመለከተው የኢሚግሬሽን አዋጅ ቁጥር 354/1995 (ዓ.ም.) አለ።

ድንበር ባይኖርበትም የበደሌው ነገር መጠቀስ አለበት፣ በደሌ ከጅማ በመኪና የግማሽ ቀን መንገድ እንኳ አይሞላም። በ2006 ዓ.ም. በደሌ ቢራ ስፖንሰር ያደረገው የቴዲ አፍሮ የኮንሰርት ጉዞ፣ ስለ አጼ ምኒልክ ተናገረ በተባለው ነገር (እሱ አላልኩም ብሏል) ብዙ የኦሮሞ ወጣቶች ቢራውን አንጠጣም ብለው ዘመቻ ሲጀምሩ ድርጅቱ ስፖንሰርነቱን ተወ። ያን ጊዜ ቪዛም ሚኒስትርም አልነበረበትም፣ የወሰነው ጠጪው ነው።