ጣና ላይ የሚያድሩ የአሳ መረቦች

ጣና ላይ አብዛኛው አሳ የሚያዘው ሰው ተኝቶ ነው። አስጋሪው ከቀኑ አስር ሰዓት በኋላ ወጥቶ መረቡን ይጥልና ወደ ቤቱ ይገባል። ጠዋት ጎህ ሲቀድ ሄዶ ያነሳል። በመሃል ያለውን ሌሊት ሙሉ፣ ብዙ ጊዜ ከቤቱ ዕቃ ሁሉ የሚበልጥ ዋጋ ያለው ንብረቱ፣ አጥር በሌለውና ዘበኛ በማይቆምበት የሁሉም ውሃ ላይ ያድራል። ከባህር ዳር ዳርቻ ቆመው ሲያዩት ባዶ የሚመስለው ሐይቅ እውነቱን ለመናገር የዕቃ መጋዘን ነው።

ውሃው ራሱ ለዚህ አሠራር የተመቸ ነው። ጣና ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሁን እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ የመጨረሻው ጥልቀቱ 14 ሜትር አካባቢ ነው። ስለዚህ ገመድ ላይ የታሰረ ድንጋይ የትም ቦታ መሬት ይነካል። ውሃው ደለል ስለሚበዛበት ደፍራሽ ነው፣ አሳው ክሩን ቶሎ አያየውም። የሚጣለው በግድግዳ መልክ ቀጥ ብሎ የሚቆም መረብ ሲሆን ከላይ ተንሳፋፊ፣ ከታች ክብደት አለው። አሳው ጭንቅላቱን ያስገባል፣ ሰውነቱ አያልፍለትም፣ ወደኋላ ልመለስ ሲል ክሩ ስንጥቡ (መተንፈሻው) ላይ ይይዘዋል። የቀዳዳው ስፋት የሚይዘውን አሳ መጠን ይወስናል። ጠበብ ያለ ቀዳዳ ያለው መረብ ገና ያልወለደውን ትንሽ አሳ ይጨርሳል፤ ጣና ላይ ከሚነሱ ክርክሮች ግማሹ እዚህ ቀዳዳ ላይ ነው።

ተንሳፋፊው ብዙ ጊዜ ከሰው ቆሻሻ የተገኘ ነው። ባዶ ሃይላንድ፣ የዘይት ጀሪካን፣ ከአሮጌ ነጠላ ጫማ የተቆረጠ ስፖንጅ። ለማያውቅ ሰው ውሃ ላይ የወደቀ ፌስታልና ላስቲክ ይመስለዋል። ለባለቤቱ ግን የጀሪካኑ ቀለም፣ የጨርቁ ቁራጭ፣ የቋጠሮው አስተሳሰር ሁሉ ምልክት ነው። ቦታውንም በጂፒኤስ ሳይሆን በዓይን ይይዘዋል፤ ይሄ ደሴት ከዚያ ዛፍ ጋር ሲገጥም፣ ያኛው የቤተ ክርስቲያን ጣሪያ በስተቀኝ ሲሆን እያለ።

ይህ ልማድ ሁሌም እንዲህ ሰፊ አልነበረም። የድሮው አሳ ማስገር የታንኳ ሥራ ነው። ታንኳ የሚሠራው ውሃ ዳር ከሚበቅለው ደንገል ሲሆን በዚህ ሙያ ስማቸው ከሁሉ በፊት የሚነሳው ነገደ ወይጦዎች ናቸው፤ በጥንቱ ዘመን ጉማሬ አዳኞችም ነበሩ። ታንኳ ከዳር ብዙ አይርቅም። ማዕበል ይፈራል፣ ደንገሉም ውሃ ይጠጣል። ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ ከውሃ አውጥተው ዛፍ ላይ ወይም ግንብ ላይ አስደግፈው ፀሐይ ያሞቁታል፣ እንዲያም ሆኖ ዕድሜው አጭር ነው። ዳር ላይ ተደርድረው የሚያዩአቸው ታንኳዎች እንግዲህ ለፎቶ የቆሙ አይደሉም፣ እየደረቁ ነው። 

ለውጡ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ኡርክ ከምትባል የኔዘርላንድስ የአሳ አስጋሪዎች ከተማ ጋር የተያያዘ አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት፣ ከኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ጋር ሆኖ፣ የጣና የአሳ ሀብት ልማት ፕሮግራምን ጀመረ። ሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ገባ። ከዚያ በኋላ መረብ መሃል ሐይቅ ላይ፣ በስተምሥራቅ እነ ጉማራና ርብ ወንዞች የሚገቡበት ድረስ ሄዶ ማደር ቻለ። ሥራ ተፈጠረ፣ የባህር ዳር ገበያ አሳ አገኘ፣ ይህ የሚካድ አይደለም። ግን ባለቤቱ ከዕቃው ያለው ርቀት የዚያኑ ያህል ሰፋ። ከቤቱ ደጃፍ መረቡን የሚያየው ሰው ቀርቶ፣ የሁለትና የሦስት ሰዓት መንገድ ርቆ የሚጥለው መጣ።

መረብ ለምን ይጠፋል ቢሉ የሁሉም ሰው የመጀመሪያ መልስ ሌባ ነው። ሌባ አለ፣ አይካድም። አንዳንዱ መረቡን ከነአሳው ይወስዳል፤ አንዳንዱ ደግሞ ብልጥ ነው፣ ባለቤቱ ከመድረሱ በፊት አሳውን ብቻ ለቅሞ መረቡን መልሶ ይተወዋል። ሁለተኛውን ማረጋገጥ ጭንቅ ነው፤ ባዶ መረብ ያነሳ ሰው ዕድሉ ነው ይላል። አንዱ አንዱን የሚያውቅበት የአንድ መንደር ዳርቻ ላይ ይህን ማድረግ ያሳፍራል፣ ቶሎም ይወራል፣ ጉዳዩ ለሽማግሌ ይደርሳል። መሃል ሐይቅ ላይ፣ ከሰሜን የመጣውና ከደቡብ የመጣው በማይተዋወቁበት፣ ይህ ዓይነቱ ሐፍረት አቅም የለውም።

ከሌባ ሌላ ነፋስ አለ። ድንገት የሚነሳ ማዕበል ድንጋዩን ይጎትተውና መረቡን ከተጣለበት አርቆ ጠቅልሎ ያስቀምጠዋል። ጉማሬ አለ፤ ሌሊት ለግጦሽ ሲወጣና ሲመለስ መረብ መንገዱ ላይ ቢገኝ በጥሶት ያልፋል፣ ካሳ የሚጠይቁት አካል የለም። የጀልባ ሞተርም ይቆርጣል። እ.ኤ.አ. በ2011 መኖሩ በይፋ የታወቀው እምቦጭ ደግሞ በተለይ በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ የራሱን ችግር ይዞ መጣ፤ ነፋስ የሚገፋው የአረም ምንጣፍ ተንሳፋፊውን ይሸፍነዋል፣ መረቡንም እየጎተተ ይሄዳል። ባለቤቱ ጠዋት መጥቶ የሚያገኘው አረንጓዴ ሜዳ ነው።

እንግዲህ አንድ ሰው እንዲህ ተጎትቶ የመጣ መረብ አገኘ እንበል። የማን ነው? ሕጉ ላይ መልሱ ግልጽ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1151 ባለቤት የሌለውን ተንቀሳቃሽ ዕቃ የራሱ ለማድረግ አስቦ የያዘ ሰው ባለቤት ይሆናል ይላል። ይህ ግን የወደቀ ሁሉ ላይ አይሠራም፤ ከአንቀጽ 1154 ጀምሮ የጠፋ ዕቃን ለይቶ ያነሳና ያገኘው ሰው የማሳወቅ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። ተጥሎ ያደረ መረብ ደግሞ የጠፋም አይደለም፤ ባለቤቱ አስቦ ያስቀመጠው ነው። ያንን ማንሳት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 665 መሠረት ያው ስርቆት ነው። ውሃው የሕዝብ መሆኑ ውሃው ላይ ያለውን ዕቃ የሕዝብ አያደርገውም። በተግባር ግን ለሦስት ክር መረብ ፍርድ ቤት የሚሄድ የለም፣ ነገሩ የሚያልቀው በሽምግልና ወይም በቂም ነው።

ሕጉ በደንብ የማይደርስበት መረብ ባለቤቱ ራሱ ባለቤት ነኝ ማለት የማይፈልገው ነው። ገበያው ላይ ከሱዳን በኩል በኮንትሮባንድ የሚገባ፣ ከአንድ ነጠላ የፕላስቲክ ክር የተሠራ መረብ አለ። ርካሽ ነው። ውሃ ውስጥ ጭራሽ አይታይም፣ በደንብ ይይዛል። ሲቀደድ ግን አይጠገንም። የድሮው ባለ ብዙ ክር መረብ ቀዳዳው እየተሰፋ ለዓመታት ይሠራል፣ አስጋሪው ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ሲጠግነው የሚታየውም ለዚህ ነው። ርካሹ ሲበላሽ እዚያው ይጣላል። የተከለከለ ስለሆነ ቢሰረቅም ለማን ይከሰሳል? ተቆጣጣሪ ሲመጣ ደግሞ የእኔ ነው የሚል አይገኝም። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ለንግድ የሚያሰግር ፈቃድ እንዲያወጣ ያዛል፣ የአሳ ሀብት ተቆጣጣሪም እንዲኖር ያደርጋል። ወረቀቱ ጥሩ ነው። ችግሩ ተቆጣጣሪው ውሃ ላይ የሚያገኘው መረቡን ብቻ መሆኑ ነው።

በእኔ እይታ ከሌባው ይልቅ ጣናን የሚጎዳው ይህ ነው። የተሰረቀ መረብ ቢያንስ የሚያነሳው ሰው አለው። የተተወ መረብ ግን ማሰገሩን አያቆምም። ፕላስቲክ አይበሰብስም፤ አሳ ይይዛል፣ አሳው ይሞታል፣ የሞተው አሳ አምባዛ የሚባለውን አሳ ይስባል፣ አምባዛውም ይያዛል። ለአሳ ብለው የሚጠልቁ ወፎችም አይቀርላቸውም። ማንም አይበላውም፣ ማንም አይቆጥረውም።

ይህ ከሁሉ የሚያሳስበው ነጭ አሳ በሚባለው ወገን ላይ ነው። ቆሮሶና አምባዛ የሚባሉት አሳዎች ሌላም ቦታ አሉ። ጣና ውስጥ ያሉት ቢያንስ 15 የነጭ አሳ ዝርያዎች ግን አብዛኞቹ ከዚህ ሐይቅ ውጭ የሉም። ፊሊፒንስ ውስጥ ላናኦ የሚባል ሐይቅ ተመሳሳይ የአሳ ዝርያዎች ስብስብ ነበረው፣ የዚያ ስብስብ አብዛኛው ጠፍቷል። ከነጭ አሳዎቹ ብዙዎቹ በክረምት ለመራባት ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል አባይ ይወጣሉ፤ ስለዚህ ወንዝ አፍ ላይ የተጣለ መረብ እንቁላል የተሸከሙትን ተሰልፈው ሲመጡ ይቀበላቸዋል። የተመራማሪዎች ናሙና እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያና በአሥር ዓመቱ መጨረሻ መካከል የትልልቅ ነጭ አሳ ብዛት በሦስት አራተኛ ያህል እንደወረደ አሳይቷል። ወደ ወንዞቹ ደግሞ ብርብራ የሚባለውን ዛፍ ፍሬ ፈጭቶ የሚበትንም አለ፤ ዱቄቱ አሳውን ያደነዝዛል፣ ትንሹም ትልቁም አብሮ ይንሳፈፋል።

መፍትሔ ተብሎ በዓለም ደረጃ የሚነሳው ምልክት ማድረግ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት የዓሣ ማስገሪያ መሣሪያዎች የባለቤት ምልክት እንዲኖራቸው የሚመክር መመሪያ አለው፤ አባል አገሮች የተቀበሉት እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። አስገዳጅ አይደለም። ጣና ላይ ቢሞከር ጀሪካኑ ላይ የፈቃድ ቁጥር መጻፍ ማለት ነው፣ ወጪው የአንድ ማርከር ዋጋ ነው። በማኅበር ተደራጅተው በሞተር ጀልባ ለሚሠሩት ቀላል ነው፣ ፈቃዳቸውም የታወቀ ነው። ያለ ፈቃድ በታንኳ ለሚያሰግረው ግን ቁጥር መጻፍ ራስን ማጋለጥ ስለሚሆን መጀመሪያ ፈቃዱ በቅርብና በርካሽ ካልተሰጠው ማርከሩን አይነካውም። ቀድሞ በፈቃዱ መታቀፍ ያለበት እሱ ይመስለኛል፤ መረቡን ከዳር የሚጥለውና ሲጎተት አይቶ የሚያነሳው እሱ ነውና።

ለጉብኝት ወደ ክብራን ገብርኤል ወይም ወደ ደቅ በጠዋት የምትወጡ ከሆነ፣ ውሃው ላይ በአንድ መስመር የተደረደሩ ጠርሙሶች ስታዩ ቆሻሻ ነው ብላችሁ አታንሷቸው። ጀልባ ነጂው ዞሮ ሲያልፍ መንገድ አስረዘመ ብላችሁም አታጉረምርሙ።