ፕላታ ምንድን ነው? ወጥ ለሻባት እንዴት ሞቆ ያድራል

እስራኤል አገር ሻባት፣ ማለትም የአይሁድን ሰንበት፣ የሚጠብቅ ቤት ዓርብ ማታ ከገባችሁ ኩሽና ውስጥ ጠፍጣፋ ብረት ሶኬት ላይ ተሰክቶ እላዩ ላይ ድስት ተጥዶበት ታያላችሁ፣ እሱ ነው ፕላታ። ሙቀት መጨመሪያ መቀነሻ ቁልፍ የለውም። እኔ መጀመሪያ ሳየው ቁልፉ የወለቀ መስሎኝ ነበር፣ ለካ ሆን ተብሎ ነው፣ ነገሩ ሁሉ ያለው እዛ ላይ ነው።

ኦሪት ዘጸአት 35፥3 በሰንበት እሳት አታንድዱ ይላል። ራቢዎቹ፣ የአይሁድ የሃይማኖት መምህራን፣ ይሄን ሲፈቱት አታንድዱ አለ እንጂ ዓርብ የነደደውን አጥፉ አላለም ብለው ነው፣ ስለዚህ የበሰለ ምግብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ተጥዶ ሞቆ ቢያድር ችግር የለውም። ስጋታቸው ሌላ ነው፣ ሰውየው ምግቡ ቀዘቀዘብኝ ብሎ ሳያስበው ፍሙን ቆስቆስ ቢያደርገውስ? ለዚህ ነው ሚሽና የሚባለው የራቢዎቹ የጥንት የሕግ መጽሐፍ ፍሙን ወይ ጥረጉት ወይ አመድ አልብሱት የሚለው። ይሄ ለኛ ማብራሪያ አይፈልግም፣ እሳት ማዳፈን ነው በቃ፣ እናቶቻችን ማታ ማታ የሚያደርጉት። ፕላታም ቁልፍ ስለሌለውና የሚቆሰቆስ ነገር ስለሌለው እንደ ተዳፈነ ምድጃ ነው የሚቆጠረው።

አሁን ወደ ወጡ እንምጣ፣ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ደረቅ ምግብ አንዴ ከበሰለ ድጋሚ መብሰል የሚባል ነገር የለበትም፣ ቅዳሜ ጠዋት ከፍሪጅ የወጣ ደረቅ ምግብ ፕላታ ላይ ማድረግን ታዋቂው የሰፋራዲ ራቢ ራቭ ኦቫድያ ዮሴፍ ፈቅደዋል፣ አሽከናዚዎቹ (መነሻቸው አውሮፓ የሆነ አይሁዶች) ግን ብዙዎቹ መጀመሪያ ትሪ ወይ መጥበሻ ገልብጠው እሱ ላይ ነው የሚያደርጉት። መረቅ ያለው ነገር ግን ከቀዘቀዘ በኋላ ማሞቅ እንደ አዲስ እንደ ማብሰል ነው፣ ሹልሃን አሩኽ የሚባለው የአይሁድ የሕግ መጽሐፍ እንዲህ ነው የሚለው፣ የየመን አይሁዶች ግን ብዙዎቹ ራምባም የሚባሉትን የጥንት ሊቅ ተከትለው ይፈቅዱታል። ስለዚህ ዶሮ ወጥ ፍሪጅ ከገባ እስከ ቅዳሜ ማታ ቀዝቃዛ ነው። ሌላው ደግሞ ሌሊት ወጡ ሊያርር ሲል የሚሸተው ሽታ አለ አይደል፣ እጃችሁ ወደ ቧንቧ ይሄዳል፣ ውሃ ጠብ ማድረግ ግን አይቻልም፣ ቀዝቃዛውን ውሃ ማብሰል ነዋ። የምትችሉት ድስቱን ማውረድ ነው። ስትጨልፉም ከፕላታው አውርዳችሁ ጨልፉ፣ እላዩ ላይ እያለ ማማሰል አይፈቀድም፣ መመለስ ከፈለጋችሁ ደግሞ ስታወርዱት ልመልሰው ብላችሁ አስባችሁ፣ ትኩስ እንዳለ፣ ከእጃችሁ ሳትለቁት።

የኛ ሰዎች ግን ታሪካቸው ሌላ ነው። ቤተ እስራኤል፣ የኢትዮጵያ አይሁዶች ማለት ነው፣ አገር ቤት እያሉ ታልሙድ፣ ማለትም ሚሽናና የራቢዎቹ ትርጓሜ፣ አልነበራቸውም፣ በኦሪቱ ቃል ነው የኖሩት፣ ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ እሳቱ ይጠፋል፣ ሰንበት ዳቦና ቀዝቃዛ ምግብ ይበላል፣ አለቀ። እዚህ እስራኤል ሲመጡ ትኩስ ብሉ ሲባሉ ብዙ ሽማግሌዎች ግራ ገባቸው፣ ምክንያቱም በሌሎቹ አይሁዶች ዘንድ በሰንበት ትኩስ መብላት ራሱ የሃይማኖት ምልክት ሆኖ ኖሯል፣ በ12ኛው ክፍለ ዘመን ራቢ ዘራሕያ ሃሌዊ ሀሚን (ዓርብ ተጥዶ ሞቆ የሚያድር የሰንበት ምግብ) የማይበላ ሰው መናፍቅ እንዳይሆን ይጣራ እስከ ማለት ደርሰዋል፣ የራቢዎቹን ትርጓሜ ከማይቀበሉት አይሁዶች፣ ከቀራኢሞች፣ ጋር በነበረው ክርክር የተነሳ። እኔ በበኩሌ ይሄን ቃል አምጥቶ የኛን አዛውንት መናፍቅ የሚል ካለ ነገሩ አልገባውም እላለሁ፣ ቀራኢም ሆነው እኮ አይደለም፣ ክርክሩንም አልሰሙትም።

እኛ ቤት ዶሮውን ዓርብ ከሰዓት ጨርሰን ሠርተን መረቁን ቀጠን እናደርገዋለን፣ እስከ ጠዋት ወፈር ስለሚል፣ እንቁላሉም ቡናማ ሆኖ ነው የሚያድረው፣ ልጆቹ የሚሻሙት እሱን ነው። አያቴ ግን እስካሁን ቀዝቃዛውን ነው የሚበሉት፣ የሳቸውን ድስቱ ፕላታው ላይ ሳይወጣ በጭልፋ ቀንሰን ጠረጴዛው ላይ ለብቻው እንከድነዋለን።