ማንንም ከማይለይ ጥቃት የሸሸ ሰው ጥገኝነት የሚያገኘው መቼ ነው?

«በግል ካልተፈለግህ ጥገኝነት አይሰጥህም።» ወደ አውሮፓ ስለሄደ ሰው በተወራ ቁጥር አዳማ ውስጥ ይህን የሚል አይጠፋም። ሰሞኑን ደግሞ አንድ ተንታኝ ሕጉ እንዲህ ነው ብሎ በእርግጠኝነት አስረዳ። ሕጉ እንዲህ አይደለም። «ጦርነት ካለበት አገር የመጣ ሁሉ ይሰጠዋል» የሚለውም ስህተት ነው፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው ግን የመጀመሪያው ነው።

የ1951ዱ (እ.ኤ.አ.) የጄኔቫ የስደተኞች ስምምነት በዘር፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ አመለካከትና በመሳሰሉት መሳደድን ይጠይቃል። ገበያ መሀል የሚወድቅ ከባድ መሣሪያ ይህን አይመርጥም። የአውሮፓ ኅብረት የጥገኝነት ሕግ በአንቀጽ 15(ሐ)፣ በዚያ ስምምነት ስደተኛ ባይባሉም ቢመለሱ ማንንም የማይለይ የጦርነት ጥቃት ሕይወታቸውን ለሚያሰጋቸው ሲቪሎች «ተጨማሪ ጥበቃ» የሚሰጠው ለዚህ ነው። ተንታኙ የያዘው እዚያው አንቀጽ ላይ ያለውን «ግላዊ ስጋት» የሚል ሐረግ ብቻ ነው። የኅብረቱ ፍርድ ቤት ግን በአንድ ኢራቃዊ ባልና ሚስት ጉዳይ በየካቲት 2009 (እ.ኤ.አ.) ሐረጉን ተርጉሞታል፤ አመልካቹ ለይቶ የተፈለገ መሆኑን የግድ ማስረዳት የለበትም።

አዳማን ያየ ሰው ጎርፍን ያውቃል። ከዙሪያው ኮረብታ የሚወርደው ውሃ ስም ጠርቶ ቤት አይገባም። ውሃው ጣሪያ ከደረሰ እዚያ ሰፈር መገኘት ብቻውን ለሞት ያጋልጣል። ጉልበት ድረስ ከሆነ ግን ቤቱ ውስጥ ያለው ማን እንደሆነ ይጠየቃል፤ መራመድ የማይችል አዛውንት? አራስ? ሥራው ያንን ውሃ በየቀኑ የሚያሻግረው ሰው? ፍርድ ቤቱም ያለው ይህንኑ ነው፤ የግል ተጋላጭነቱ በጨመረ ቁጥር የሚፈለገው የጥቃት መጠን ይቀንሳል። ከፍ ያለ ሰፈር መጠጊያ ካለህም ይታያል፤ ግን በሰላም መድረስ፣ መግባትና ኑሮ መመሥረት የምትችል ከሆነ ብቻ ነው። ውሃውን ሆን ብሎ ወደ አንተ ቤት የቀለበሰ ሰው ካለ ደግሞ ጉዳዩ ወደ ጄኔቫው ስምምነት ይሻገራል።

የጥቃቱ መጠን በሟች ቁጥር ብቻም አይለካም። በሰኔ 2021 (እ.ኤ.አ.) ይኸው ፍርድ ቤት ከጀርመን በመጣ የአፍጋኒስታናውያን ጉዳይ፣ የተጎጂዎችን ብዛት ከነዋሪው ብዛት ጋር አነጻጽሮ ብቻ መከልከል አይቻልም ብሏል። የውጊያው ስፋት፣ የቆየበት ጊዜ፣ የታጣቂዎቹ አደረጃጀት፣ አመልካቹ ቢመለስ የሚያርፍበት አካባቢ፣ ሁሉም ይታያል።

እዚህ አፍሪካ መንገዱ ሌላ ነው። በ1969 (እ.ኤ.አ.) አዲስ አበባ የጸደቀው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ስምምነት የሕዝብን ጸጥታ ክፉኛ ካናጋ ሁኔታ የሸሸውንም ስደተኛ ይለዋል፤ የኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 1110/2011ም ይህን ይከተላል። በአገሩ ውስጥ የተፈናቀለ ግን ድንበር ስላልተሻገረ ጥገኝነት ጠያቂ አይደለም፤ የእሱ ጉዳይ የሚታየው የአገር ውስጥ ተፈናቃዮችን በሚመለከተው የአፍሪካ ኅብረት የካምፓላ ስምምነት ነው።

«በግል ካልተፈለግህ» የሚለው ወሬ የሚያበላሸው አውሮፓ የደረሰ ሰው የሚደረግለትን የጥገኝነት ቃለ መጠይቅ ነው። እውነተኛ ታሪኩ የሚበቃው ሰው ያልነበረ እስርና ዛቻ ይጨምራል። ቀኑ ከቀን፣ ቦታው ከቦታ ሲጋጭ እውነቱም አብሮ ይወድቃል። ሌላው ደግሞ «አገሬ ጦርነት ነው» ብሎ ያበቃል። የሚፈለገው ወረዳው፣ ቀበሌው፣ የወጣበት ጊዜ፣ የሄደበት መንገድ፣ አካባቢው ላይ ምን እንደወደቀና ማን እንደተቆጣጠረው ነው። ሕመምን፣ እርግዝናን፣ የአካል ጉዳትን፣ የነበረበትን ሥራ አፍሮ የሚደብቅ ሰው የራሱን ማስረጃ ይጥላል። ተዋጊ የነበረም ይህን አይሸፍን፤ አንቀጽ 15(ሐ) ለሲቪል ነው፣ የጦር ወንጀል የፈጸመን ደግሞ ሕጉ ጭራሹን ያገላል።

የሚታየው ደግሞ ውሳኔው በሚሰጥበት ጊዜ ያለው ሁኔታ ነው እንጂ የወጣበት ቀን አይደለም። ስለዚህ ከቃለ መጠይቁ በኋላ አካባቢው ላይ ውጊያው ከከፋ፣ ቀኑንና ቦታውን ጠቅሶ ለጉዳዩ ኃላፊ በጽሑፍ ማስገባት ያስፈልጋል፤ ቅጂውም በእጅ ይቅር።