ስደተኛ ማን ነው?
ሰሞኑን ደጋግማችሁ ስለጠየቃችሁኝ ልመልስ። ግርታው ከራሳችን ቋንቋ የመጣ ይመስለኛል። ቤይሩት ለሥራ የሄደችውንም፣ ነፍሱን ሊያተርፍ ድንበር የተሻገረውንም «ስደተኛ» እንላለን። ሕጉ ግን ይለያቸዋል።

በ1951 እ.ኤ.አ. በወጣው የጄኔቫ ስምምነት መሠረት ስደተኛ ማለት ከአገሩ ውጭ ያለና በዘሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በዜግነቱ፣ በፖለቲካ አመለካከቱ ወይም የአንድ ማኅበራዊ ቡድን አባል በመሆኑ እሳደዳለሁ ብሎ በበቂ ምክንያት የሚፈራ ሰው ነው። ድህነት ብቻውን አይበቃም። ያማል፣ ግን እንደዚያ ነው።

ሁለት ወንድማማቾች አብረው በመተማ ሱዳን ገቡ እንበል። አንዱ በጻፈው ጽሑፍ የተነሳ ይፈለጋል። ሌላው የቀን ሥራ ፍለጋ ነው። መንገዳቸው አንድ ነው፤ በሕግ ግን የመጀመሪያው ስደተኛ፣ ሁለተኛው ፍልሰተኛ ነው። የመጀመሪያው ሸሽቶ ጎንደር ላይ ቢቀር ኖሮ ደግሞ ተፈናቃይ እንጂ ስደተኛ አይባልም፤ ድንበር አልተሻገረማ!

ስደተኛ ነኝ ብሎ አመልክቶ ውሳኔ የሚጠብቅ ሰው «ጥገኝነት ጠያቂ» ይባላል። ስንት ጊዜ ይጠብቃል? እስከዚያ መሥራት ይችላል? ይሄ ከአገር አገር ይለያያል። አሜሪካ ያለ ዘመድ የነገራችሁ ጀርመን ላይ ላይሠራ ይችላል። ጦርነት የሸሸ ሰው ጉዳይም እንዲሁ ነው፤ በ1969 እ.ኤ.አ. የወጣው የአፍሪካ የስደተኞች ስምምነት እሱንም በግልጽ ስደተኛ ይለዋል፣ የጄኔቫው ግን በስም አይጠቅሰውም።