«ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል»

ይህ ምሳሌያዊ አነጋገር ሁለት ግማሽ አለው። የመጀመሪያው የችሎት ቋንቋ ነው፤ እውነት ይዞ በአነጋገሩ የተረታ ሰው ሞልቷል። ሁለተኛው የጨርቅ ነው። ደህና ጨርቅ እንኳ አንዱ ጫፍ ላልቶ ሌላው ሲወጠር ይተረተራል። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ለአንደበት ጥንቃቄ ነው። እኔ ግን ሁለተኛውን ግማሽ አብልጬ እወደዋለሁ፤ ጂኦሜትሪ ውስጥ በጣም የምወደውን ውጤት ያስታውሰኛል።

እስቲ ቦታን በሙሉ እንደ ላስቲክ እናስበው። እያንዳንዱን ነጥብ ወደ አዲስ ስፍራ እናዛውር፤ የሒሳብ ሰዎች ማፒንግ ይሉታል። በየትኛውም ነጥብ ዙሪያ ላስቲኩ አይቀደድም፣ አይታጠፍም። አያያዙም ልክ አለው። ኢምንት የሆነች ኳስ ስትለጠጥ ሞላላ ትሆናለች፤ ረጅሙ ጎኗ ከአጭሩ ከተወሰነ እጥፍ መብለጥ የለበትም። ይህ ልክ ለሁሉም ስፍራ አንድ ነው። ማደግና ማነስ ግን ትችላለች።

በየአካባቢው እንዲህ ተጠንቅቀን ይዘነው፣ በጠቅላላው ግን ራሱ ላይ ሊደረብ ይችላል?

ወረቀት በመሰለ ጠፍጣፋ ገጽ ላይ፣ አዎ። ወደ ቀኝ አንድ እርምጃ በሄድን ቁጥር በአዲሱ ስፍራ ከመሃል ነጥቧ ያለን ርቀት በ2.718 ገደማ ይባዛ። ወደ ላይ ስንሄድ ደግሞ መሃሉን እንዙር። ኢምንት ክቦች ክብ እንደሆኑ ይቀራሉ፤ አያያዙ አንድም እንከን የለውም። ግን 360 ዲግሪ ስንሞላ የተነሳንበት ላይ እናርፋለን። ገጹ እንደ ጥቅል ይደራረባል፤ የመሃሏ ነጥብ ብቻ ሳትነካ ትቀራለች። እዚህ ላይ አያያዝ ብቻውን አልበቃም።

ሦስት አቅጣጫ ሲኖር ነገሩ ይለወጣል። የሶቪየቱ የሒሳብ ሰው ሚኻይል ላቭሬንቲየቭ እ.ኤ.አ. በ1938 ያቀረበውን ሐሳብ የአገሩ ልጅና የሙያ ባልደረባው ቭላድሚር ዞሪች በ1967 አረጋገጠው፦ ከሦስት አቅጣጫ ጀምሮ፣ በየቦታው ልክ ያለው አያያዝ ካለ መደረብ የለም፤ ያልተሸፈነ ስፍራም አይቀርም።

ያንኑ ጥቅል እንሞክረውና ሦስተኛውን አቅጣጫ ሳንነካው እንተወው። ወደ ቀኝ 10 እርምጃ ስንሄድ ሁለቱ አቅጣጫዎች ከ22 ሺህ እጥፍ በላይ ይለጠጣሉ፤ ሦስተኛው ንቅንቅ አይልም። ኳሷ ስስ ወረቀት መሰለች። ወደፊት ስንቀጥል ይብስባታል። ልኩ ፈረሰ ማለት ነው።

ምስጢሩን በክር ማየት ይቻላል። ወረቀት ላይ ነጥብን የከበበ ክር ነጥቡን ሳይነካ፣ ከወረቀቱም ሳይነሳ አይወጣም። ለዚህ ነው መሃሏ ነጥብ ዙሪያ ደጋግሞ መጠምጠም የተቻለው። ሦስት አቅጣጫ ካለ ግን ክሩ በላይዋ ሾልኮ ያልፋል። እዚያ ክር ለመያዝ ቢያንስ መስመር የሚያህል ክፍተት ያስፈልጋል፤ ልኩን የጠበቀ አያያዝ ደግሞ ያን ያህል ክፍተት አይተውም።