«አይገባኝም» ብላችሁ እንዳትቀሩ፦ ስለ ኤክስፐርመንታል አጭር ፊልም ፌስቲቫል መክፈቻ

ጓደኞቼን ለመክፈቻ ምሽት ስጠራቸው የማገኘው መልስ አንድ ነው፦ «እኔ እንደዚህ ዓይነት ፊልም አይገባኝም»። ሰውን ከበር የሚመልሰው ይሄ ስለሆነ ከሱ ልጀምር። ኤክስፐርመንታል ፊልም ማለት ታሪክ ከመተረክ ይልቅ በምስል፣ በብርሃንና በድምፅ ሙከራ የሚያደርግ ፊልም ነው፤ «እንቆቅልህ፣ ምን አውቅልህ» ተባብለን፣ ያላወቀ አገር የሚሰጥበት ጨዋታ አይደለም። ግጥም የሌለው ሙዚቃ ስትሰሙ ታሪኩ ምንድን ነው ብላችሁ አትጨነቁም አይደል? አሜሪካዊው ፊልም ሠሪ ስታን ብራኬጅ በ1963 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ያለ ካሜራ ፊልም ሠርቷል። የእሳት ራት ክንፍ፣ የአበባ ቅጠልና ሣር ለቅሞ ብርሃን በሚያሳልፉ ሁለት የማጣበቂያ ጥብጣቦች መሃል ደረደራቸው፣ ከዚያ ወደ ፊልም ተገለበጠ። ስክሪኑ ላይ ክንፍና የቅጠል ጅማት ሲርገበገብ ታያላችሁ። በቃ፣ ማየት ነው። የተደበቀ መልስ የለውም።

«ዝም ብለው የለቀቁት ነገር ነው፣ ማንም ይሠራዋል» የሚሉም አሉ። ይሄኛው ያናድደኛል። ኦስትሪያዊው ፒተር ኩቤልካ በ1960 ሰውም ዕቃም የሌለበት ፊልም ሠራ፤ ያለው ጥቁርና ነጭ ፍሬም (ፊልም የሚሠራባቸው ነጠላ ምስሎች)፣ ጩኸትና ዝምታ ብቻ ነው። ግን 9,216 ፍሬም ነው፣ እያንዳንዳቸው 576 ፍሬም ባላቸው 16 ክፍሎች የተከፈለ፣ በሰከንድ 24 ፍሬም ሲሄድ 6 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ የሚሞላ። እያንዳንዷ ፍሬም ተቆጥራ ነው የገባችው። ደካማ ፊልም የለም አልልም፣ አለ። ግን ታሪክ ስለሌለው ብቻ ልፋት የለውም ማለት አይቻልም። (በነገራችን ላይ፣ ብልጭ ድርግም የሚል ብርሃን የሚጥል በሽታ ያለበትን ሰው ሊጎዳ ይችላል። እንዲህ ያለ ፊልም መኖሩን በር ላይ አስቀድማችሁ ጠይቁ።)

«ድምፁ ጠፋ!» አንድ መክፈቻ ላይ ከኋላዬ የነበረ ሰው እንዲህ ብሎ ጮኸ። አልጠፋም ነበር፣ ፊልሙ ድምፅ አልባ ነው። ብራኬጅም አብዛኞቹን ፊልሞቹን ድምፅ አልባ ያደረገው ሆን ብሎ ነው፤ ጆሮ ሲያርፍ ዓይን ይነቃል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ይከብዳሉ፣ የወንበር መንቋቋት ሁሉ ይሰማል። ታገሡት።

አዲስ ፋሽን ነው ለሚሉት አጭር መልስ አለኝ። አሜሪካዊው አርቲስት ማን ሬይ ፓሪስ ውስጥ ሚስማርና ጨው ፊልም ላይ በትኖ ብርሃን ያሳየው በ1923 ነው። ጀርመን ያለው የኦበርሃውዘን አጭር ፊልም ፌስቲቫል በ1954፣ አሜሪካ ያለው የአን አርበር ፌስቲቫል ደግሞ በ1963 ተጀመሩ።

«አጭር ፊልም ለረጅሙ መለማመጃ ነው» የሚባለውም ልክ አይደለም። ግጥም ለልቦለድ መለማመጃ ነው እንደማለት ነው። ፈረንሳዊው ፊልም ሠሪ ክሪስ ማርከር በ1962 በፎቶግራፎች ብቻ ማለት ይቻላል 28 ደቂቃ የሚሆን ፊልም ሠራ፣ እስካሁንም ሰው ደጋግሞ ያየዋል።

ወደ ምሽቱ ራሱ ስንመጣ ብዙ ሰው መክፈቻው የምርጦቹ ምሽት ይመስለዋል። በአብዛኛው ሽልማቱ የሚታወቀው መጨረሻ ቀን ነው። የመጀመሪያው ምሽት ፊልሞች የሚመረጡት የፌስቲቫሉን መልክ እንዲያሳዩ ነው፤ መራጮቹም በቅደም ተከተሉ ብዙ ይጨነቃሉ። ከሚጮኸው ቀጥሎ ዝም ያለ፣ ዓይን ከሚያደክመው ቀጥሎ ረጋ ያለ። አንዱ ካልጣማችሁ አምስት ደቂቃ ጠብቁ፣ ሌላ ይመጣል። ደግሞ «ትንሽ ባረፍድ ምን አለበት?» አትበሉ፤ እዚህ ሩብ ሰዓት ማርፈድ ሦስት ፊልም ሊያሳጣችሁ ይችላል።

የመጨረሻው፣ «ጥያቄ ብጠይቅ መሳቂያ እሆናለሁ» የሚለው ፍርሃት ነው። ከፊልሞቹ በኋላ ባለው ውይይት ላይ የሚከብደው ጥያቄ «ምን ለማለት ፈልገህ ነው?» የሚለው ነው። «እንዴት ሠራኸው?» በሉ፣ የዳይሬክተሩ ፊት ሲፈካ ታያላችሁ። አንድ ምሽት አንዲት ሴት በፍርሃት እጇን አውጥታ «ያ መላውን ስክሪን የሞላው ቀይ ነገር ምን ነበር?» አለች። ዳይሬክተሩ ጣቱን አነሳ። ሌንሱን በጣቱ ሸፍኖ ካሜራውን ወደ ፀሐይ አዙሮት ነበር፣ ቀዩ በሥጋው ውስጥ ያለፈ ብርሃን ነው። ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ ግማሹ ሰው ጣቱን ወደ መብራት አንስቶ ያይ ነበር።