የደምቢያ ውሃ ዳር መሬት ጥበቃና የነዋሪው ድምፅ

የደምቢያ ሜዳ ከጎንደር ከተማ በስተደቡብ ምዕራብ እስከ ታና ሐይቅ ሰሜናዊ ዳርቻ የተዘረጋ የጥቁር አፈር የእርሻ አገር ነው። መገጭና ድርማ ወንዞች አቋርጠውት ታና ይገባሉ፤ ዋና ከተማው ቆላ ድባ፣ ወደቡ ጎርጎራ ነው። በነገሥታቱ ዘመን የጎንደር ጎተራ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሜዳውና ሐይቁ የሚገናኙበት ወሰን በየዓመቱ ይንቀሳቀሳል። ታና በክረምት ሞልቶ ዳር ዳሩን ማሳ ይውጣል፤ ከጥቅምት በኋላ ውሃው ሲሸሽ ገበሬው እርጥበቱን እየተከተለ ሽምብራና ጓያ ይዘራል። ይህ «ባህር ሸሽ» እርሻ ይባላል። ያው እርጥብ መሬት የዱር እንስሳትም ቤት ነው። ጉማሬ ቀን ውሃ ውስጥ ውሎ ሌሊት ማሳ ይገባል፤ ማማ ሠርቶ የማይጠብቅ ገበሬ ሰብሉን ያጣል። ከአውሮፓ ብርድ ሸሽተው የሚመጡ ባለረጅም እግር ወፎች በበጋ ከአጨዳ የተረፈ ቃርሚያ ይለቅማሉ። በታና ብቻ ከሚገኙት የዓሣ ዝርያዎች አንዳንዶቹ ደግሞ ክረምት ሲገባ እንቁላል ለመጣል ወንዞቹን ሽቅብ ይወጣሉ።

ስለዚህ የጥበቃው ክርክር በአጭሩ «ውሃው የሸሸበት መሬት የማን ነው?» የሚል ነው። ጉዳዩ መጀመሪያ የሚደርሰው ነዋሪው ለመረጠው የቀበሌ መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ኮሚቴ ነው። ስብሰባው ብዙ ጊዜ እርሻ በማይነካበት በዓል፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ዛፍ ጥላ ሥር ይሆናል። አስቀድሞ የሚናገረው ማሳው ከውሃው የሚዋሰን ሰው ነው፤ ትልሙን በየዓመቱ አንድ ሁለት ክንድ የገፋውም እሱው ነው። መሬት ያልደረሰው ወጣት ለእኔም ይካፈል ይላል። የግጦሽ ጠያቂው ሦስተኛ ነው። ደንገል አጭዶ ታንኳ የሚሠራው የወይጦ ማኅበረሰብ ግን ኑሮው ከሁሉም ይልቅ ከረግረጉ ጋር የተሳሰረ ሆኖ ሳለ እምብዛም አይጠየቅም። በበጋ የተተከለ የወሰን ችካል ነሐሴ ላይ ውሃ ውስጥ ስለሚሆን ክርክሩ በመጨረሻ ለሽማግሌ ምስክርነት ይተዋል።

ስለ ቀድሞው ዘመን በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ያለው ዛፍ በፈሪሃ እግዚአብሔር ይጠበቅ ነበር ማለት ይበቃል።

በ1988 ዓ.ም. ጭስ ዓባይ ሳይደርስ፣ ዓባይ ከታና በሚወጣበት በጨረጨራ የውሃ መቆጣጠሪያ ተሠራ። በ1995 ዓ.ም. ሐይቁ ከወትሮው እጅግ ሲወርድ ገበሬው ተከትሎት የሐይቁን ወለል አረሰ። ለመውረዱ ዝናብ ማነሱም፣ ለኃይል ማመንጫ የተለቀቀው ውሃም ምክንያት ሆነው ይጠቀሳሉ። ያም ሆነ ይህ ገበሬውን ብቻ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው። በ2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ ታናን በባዮስፌር ሪዘርቭነት፣ ማለትም ተፈጥሮው ከነዋሪው ኑሮ ጋር አብሮ በሚጠበቅበት አካባቢነት መዘገበው፤ በጥብቅ የሚጠበቅ እምብርት፣ በዙሪያው መከለያና የልማት ቀጠና ያለው ሆነ።

ሕዝቡ ከሁሉ በላይ የተሳተፈው በእምቦጭ ዘመን ነው። በ2004 ዓ.ም. ገደማ በመገጭ መግቢያ በኩል የታየው ባለሐምራዊ አበባ አረም ዳርቻውን እያለበሰ ዓሣ አስጋሪውንም ከብቱንም ከውሃ ለየ። የደምቢያ ገበሬ ማጭድና ገመድ ይዞ፣ እስከ ወገቡ ውሃ ገብቶ፣ አልቅት እየጠባው ነቀለ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የአንድ ወር አገር አቀፍ ዘመቻ ሲታወጅ ይህ ሕዝብ ለዓመታት ሲነቅል ቆይቷል። ማሽንም መጥቷል፤ አረሙን በሚበላ ጥንዚዛ ላይም ምርምር ተደርጓል። ይሁንና ቀላል የሚመስለው ትልቁ ጥያቄ የተነቀለው የት ይጣል የሚለው ነበር። ዳር ላይ የተከመረ እምቦጭ ክረምት ሲሞላ ተመልሶ ይንሳፈፋል። ውሃው እስከየት እንደሚደርስ ደግሞ ከካርታው ይልቅ የዳሩ አራሽ ያውቃል።

አሁን ክርክሩ ወደ ላይ፣ ወደ መገጭ ግድብ ዞሯል። ሜዳው የመስኖ ውሃ ይፈልጋል፤ ግንባታው ከተጀመረ ዓመታት ቢያልፉም ተስፋው አልተቆረጠም። ዓሣ አስጋሪው የሚያነሳው ግን ሌላ ነው፦ ውሃው ከላይ ከተያዘ ሐምሌ ላይ ሽቅብ የሚወጣው ዓሣ በየት በኩል ያልፋል?